ከላይኛው ድንጋይ ነው ከታችኛው?

(የሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀንን ምክንያት በማድረግ በወጣቶች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። አንብባችሁ ለጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉት።)



ፉከራና ቀረርቶ ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ፤ እኔ ዛሬ የመጣሁት ልናዘዝ ነው።

በታሪክና ቅርስ አስተዳደር ተመርቄ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ «የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት» የሚለውን ሳነብ ጫማዬ አለቀ። አምና ጓደኞቼ «ዲቴክተር የሚያከራይ ሰው አግኝተናል፤ ጣሊያን ሲሸሽ የቀበረው ወርቅ አለ» ሲሉኝ አላንገራገርኩም። ኪስ ሲራቆት ወሬም ወርቅ ይመስላል።

የሄድንበት ማሳ ከጣርማ በር ብዙ አይርቅም። በ1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ያለፈበት፣ በኋላም ጣሊያን ተራራውን ፈልፍሎ መንገድ ያወጣበት፣ አርበኞቻችን ደግሞ እንቅልፍ የነሱት አገር ነው።

ማሽኑ ተአምር የለውም። ከታች ያለው የሽቦ ጥቅል መግነጢሳዊ ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፤ ብረት ካገኘ መልስ ይመጣል፣ ጆሮህ ላይ ይጮኻል። ሳንቲም የሚያህል ነገር የሚለየው ከስንዝር ብዙም ሳይርቅ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ምን አገኘን? ሚስማር፣ የበቅሎ ጫማ፣ የተሰበረ ማረሻ፣ አንድ ጠገራ ብር። ብሩ ላይ 1780 የሚል ስናይ «ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ቅርስ!» ብለን ጨፈርን። ኋላ ሳነብ ግን ያ ዓመት ከ1780 ወዲህ በተመታ የማሪያ ትሬዛ ብር ሁሉ ላይ አለ፤ መቼም ይመታ መች ቁጥሩ አይለወጥም። ጣሊያን ራሱ ለወረራው ሲዘጋጅ ሮም ውስጥ ያንኑ ብር አስመትቷል።

በሦስተኛው ቀን አንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ማሽኑ ዝም አልል አለ። ቆፈርን። ቀልሃ ነው! አንድ ላይ የተከመረ፣ አንዱ ቀጠን ያለ፣ አንዱ ወፍራም። ሌላ ድንጋይ ጋም እንዲሁ። ሁሉንም በአንድ ጆንያ ዝቀን ለቆራሌው በኪሎ ሸጥነው። ለአራት ስንካፈል የትራንስፖርታችንን እንኳ አልሸፈነም።

ስንወጣ የማሳው ባለቤት አባባ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

«ልጆቼ፣ ያን ቀልሃ ከየት አነሳችሁት? ከላይኛው ድንጋይ ነው ከታችኛው?»

«ከሁለቱም ነው አባባ፤ ተደባልቋል» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ «አባቴ አንደኛው ጋ ሆኖ ነበር የተኮሰ። የትኛው እንደሆነ ሳይነግረኝ ሞተ። ተምራችኋል ሲሉኝ ትነግሩኛላችሁ ብዬ ነበር» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ልነግራቸው እችል ነበር! የቀልሃው ቂጥ ላይ የፋብሪካ ምልክትና ዓመት ይመታበታል። የጣሊያኑ ካርካኖ ቀጭን ነው፤ 6.5 ሚሊ ሜትር። በአድዋ ጊዜ የያዙት ቬተርሊ 10.4 ነው። የእኛው ውጅግራ 11 ነው። ወፍራሙና ያረጀው ተደባልቆ የተገኘበት ድንጋይ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚተኩስ አርበኛ የተጋደመበት ሳይሆን አይቀርም። ይህን የሚናገረው ግን ቀልሃው ብቻውን አይደለም፤ ከቦታው ጋር ሲሆን ነው። እኛ ቦታውን አጥፍተን ነሐሱን ሸጥን።

በአሜሪካ ሊትል ቢግሆርን የሚባል የጦር ሜዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1876 ነባር ሕዝቦች የሌተና ኮሎኔል ከስተርን ጦር የደመሰሱበት ነው። በ1983 ሣሩ ተቃጠለ፤ በቀጣዩ ዓመት አርኪዮሎጂስቶች ከበጎ ፈቃደኛ የዲቴክተር ባለቤቶች ጋር ገቡ። እያንዳንዱን ቀልሃ ከማንሳታቸው በፊት ባንዲራ ተከሉበት፣ ካርታ ላይ አሰፈሩት። በመርፌው ምት ምልክት አንዱ ጠመንጃ ከየት ወደ የት እንደተንቀሳቀሰ ሳይቀር አወቁ። ያው ማሽን ነው፤ ልዩነቱ እጁ ላይ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልለምናችሁ።

አንደኛ፣ ሕግ አለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ለመፈለግ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሲያርስም ሆነ ሲቆፍር በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ደግሞ ሳይነካካ ጠብቆ ማሳወቅ አለበት። የወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱ። «ነገ ተመለሱ» ቢሏችሁም ነገ ተመለሱ።

ሁለተኛ፣ ነፍሳችሁን ጠብቁ። ጣሊያን የተወው ሁሉ ቀልሃ አይደለም። የእጅ ቦምቡ ቀይ ቀለም የተቀባ ትንሽ ቆርቆሮ ይመስላል። መርዝ ጋዝም እዚህ አገር በቦምብም በመድፍም ተጠቅሟል። «ቀይ ሜርኩሪ አለው» እያለ ያልፈነዳ ነገር በመዶሻ የሚያስፈታህ ሰው ወዳጅህ አይደለም። አትንካ፤ ምልክት አድርግ፤ ፖሊስ ጥራ።

ሦስተኛ፣ ስልካችሁን አውጡ። በመንደራችሁ ማሳ ላይ ወድቆ ያያችሁትን ባለበት ፎቶ አንሱት፤ ቦታውን መዝግቡት። የማሳውን ባለቤት ስለ አባቱ ጠይቁ፤ ድምፁን ቅረጹ። ይህ ፈቃድም ኪራይም አይጠይቅም። ሥራ ፈት ነን አይደል? ጊዜ አለን። አባባ ግን ጊዜ የላቸውም።

እኔ ከርሞ ተመልሼ ሄጃለሁ፤ ያለ ማሽን፤ በደብተር። ከድንጋዮቹ ሥር የቀረ አንድ ቀልሃ እንኳ አላየሁም። አባባ ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ፤ የሚያስታውሱትን ሁሉ ነገሩኝ፤ ዐሥራ አራት ገጽ ሞላ። ለዚያች ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

የእናንተ አባባ ሲጠይቋችሁ መልስ ይኑራችሁ።