ኦፕራሲዮን የሚሠራው ሐኪሙ ብቻ አይደለም፦ ዲላ ላይ ለወጣቶች የተደረገ የአንዲት ተመራቂ ንግግር

ዘንድሮ ከዲላ ዩኒቨርሲቲ በአንስቴዢያ የምመረቅ ልጃችሁ ነኝ። አዘጋጆቹ «ስለ ትምህርትሽ ለልጆቹ ንገሪልን» ሲሉኝ ቶሎ እሺ ያልኩት አንድ የሚያናድደኝ ነገር ስላለ ነው።

ጤና ተማሪ ነኝ ስል ሰው ሁሉ «ዶክተር ልትሆኚ ነዋ!» ይለኛል። አይ፣ አንስቴቲስት ነው የምሆነው ስል ደግሞ «አሃ፣ ያቺ የምታስተኛዋ» ይባላል። የምታስተኛዋ! ማስተኛት ብቻ ቢሆን ሥራችን በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። የኛ ሥራ ሰውየው ተኝቶ ሳለ በሕይወት ማቆየት፣ ከዚያ ደግሞ በሰላም ማንቃት ነው። ሙሉ ሰመመን ስንሰጥ ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት እንጨምራለን፤ ያኔ ሰውየው በራሱ መተንፈስ ያቆማል። ከዚያች ሰከንድ ጀምሮ ትንፋሹ ያለው በኛ እጅ ነው። አእምሮ ያለ ኦክስጅን የሚቆየው ደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ፣ ቱቦው የገባው የአየር ቧንቧ ውስጥ ይሁን የምግብ ቧንቧ ውስጥ ወዲያው ማወቅ አለብን።

ስለዚህ ጠዋት በሽተኛው ሳይገባ እኛ እንገባለን። ኦክስጅኑ ሞልቷል ወይ? ሰክሽኑ ይስባል ወይ? የላሪንጎስኮፑ አምፖል ይበራል ወይ? በልኩ ከተዘጋጀው ቱቦ የሚያንስና የሚተልቅስ አጠገቡ ተቀምጧል ወይ? መብራት ቢሄድ በእጅ የሚጨመቀው አምቡ ባግ የት ነው? (መብራት እንደሚሄድ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ።) ይህን በየቀኑ፣ ትናንት ደህና የነበረውን መሣሪያ ዛሬም እንደ አዲስ መፈተሽ ያሰለቻል። መጀመሪያ ዓመት ላይ እኛም «ይሄ ምን ያደርጋል?» እንል ነበር። አንድ ሌሊት ድንገተኛ በሽተኛ ሲገባ ግን ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ይህ ሙያ በዓለምም ቢሆን ገና ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1846 ቦስተን ውስጥ በኤተር የተደረገው ኦፕራሲዮን በአደባባይ ከታየ በኋላ ነው ነገሩ የተስፋፋው። ከዚያ በፊት ጎበዝ ቀዶ ሐኪም የሚባለው ፈጣኑ ነበር፤ በሽተኛው በጉልበት ተይዞ እየጮኸ ነው የሚቆረጠው። ዛሬ ሐኪሙ ሆድ ከፍቶ ሰዓታት ተረጋግቶ መሥራት የቻለው ከራስጌ በኩል የተቀመጠ ሌላ ሰው ስላለ ነው።

ደግሞ እኔም ብቻዬን አይደለሁም። መሣሪያውን አሰናድታ በእጁ ላይ የምታኖርለት ስክራብ ነርስ አለች። የጎደለውን ሮጦ የሚያመጣ አለ። መቀሱንና ፒንሳውን በ121 ዲግሪ እንፋሎት የሚቀቅለው ባለ አውቶክሌቭ አለ፤ እሱ ቢሳሳት ምንም ያህል ጥሩ ቀዶ ጥገና ቢደረግ ቁስሉ ያመረቅዛል። ወለሉን የምታጸዳዋ እናት አለች። በየፌስቡኩ የሚመሰገነው ግን አንድ ሰው ነው። ሐኪሞቻችንን ማመስገናችሁን ቀጥሉ፣ ይገባቸዋል! ነገር ግን ልጆቻችን ከነዚህ ሙያዎች ስንቱን በስም ያውቃሉ? ስሙን የማያውቁትን ሙያ ደግሞ ማንም አይመርጥም።

አሁን ስለ እናቶቻችን ልንገራችሁ። ከቡሌ ደጋ ምጥ የጠናባት እናት ወርዳ ስትመጣ፣ በኦፕራሲዮን መውለድ ካለባት ብዙውን ጊዜ አናስተኛትም። ጀርባዋ ላይ በቀጭን መርፌ ማደንዘዣ እንሰጣታለን፤ ከወገቧ በታች ይደነዝዛል፣ እሷ ግን ነቅታ ታያለች፣ ትሰማለች። ደም ግፊቷ ድንገት ሊወርድ ይችላል። ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር እንዳይጫን በግራ ጎኗ ትንሽ ዘንበል እናደርጋታለን፣ ፈሳሽና መድኃኒት እንሰጣለን። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ከማሽኑ በፊት ከሷ አፍ ነው የሚወጣው፦ «አጥወለወለኝ» ትላለች።

በየት ቋንቋ ነው የምትለው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ። እናቲቱ ጌዴኡፋ ብቻ የምትናገር ከሆነችና ከራስጌዋ የተቀመጠው ሰው ካልሰማት፣ ያ ምልክት ባዶ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። እኔ በትምህርት ቆይታዬ መርፌ ከመውጋት ያላነሰ የሠራሁት ማስተርጎም ነው። ለጉጂዋ እናት አፋን ኦሮሞ የሚችል የክፍል ጓደኛዬ ይጠራል፣ ለሲዳማዋ ሌላው። ከአማሮም ይመጣሉ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ የሆነውን፣ በመቶ ሺዎች የተፈናቀሉበትን ጊዜ ማናችንም አንረሳውም። ያኔ በሁለት ወገን የተባሉ ሰዎች ዛሬ በአንድ ክፍል ተራ ይጠብቃሉ፤ በእናት ቋንቋቸው «አይዞሽ» የሚላቸው ልጅ ሲያገኙ ፊታቸው ይፈታል። የአካባቢው ልጆች በዚህ ሙያ እንዲገቡ የምፈልገው ለደሞዝ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ተረዱልኝ። ደሞዙማ... እሱን እንተወው።

ከሁሉም በላይ የከበደኝ ትምህርት መድኃኒት ማስላት አልነበረም። መናገር ነበር። በኛ አስተዳደግ ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ግን ታናሽ ዝም ካለ ሰው ሊሞት ይችላል። ስክራብ ነርሷ ሆድ ከመዘጋቱ በፊት ጨርቁንና መርፌውን ትቆጥራለች፤ «አንድ ይጎድላል» ካለች ሆዱ አይዘጋም፣ ቆራጩ ፕሮፌሰርም ቢሆን ይጠብቃል። እኔም «ኦክስጅኑ እየወረደ ነው፣ ቁሙ» ማለት አለብኝ። ድምፄ ቢንቀጠቀጥም ማለት አለብኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለዚህ 19 ነጥብ ያለው አንድ ገጽ ቼክሊስት አውጥቷል። ከማደንዘዣ በፊት፣ ከመቆረጡ በፊት፣ ከክፍሉ ከመውጣት በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። በሽተኛው ትክክለኛው ሰው ነው? የሚቆረጠው በየትኛው በኩል ነው? አለርጂ አለው? አንደኛው ነጥብ ደግሞ ሁሉም ሰው ስሙንና ሥራውን እንዲናገር ያዛል። ለምን ቢባል፣ አንዴ አፉን የከፈተ ሰው ኋላ አደጋ ሲያይ ለመናገር አይፈራም። በስምንት ከተሞች፣ ከለንደን እስከ ታንዛኒያ፣ ተሞክሮ በ2009 ውጤቱ ሲታተም የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ማሽን አልተገዛም። ወረቀትና አፍ ነው!

ገንዘብ የሚጠይቀውም አለ፣ አልደብቅም። ከተለማመድኩባቸው ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ስሙ ይቆየን፣ ጣት ላይ ተሰክቶ የደምን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ አንድ ብቻ ስለነበር ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ይዘን እንሮጥ ነበር። እሱ በሌለበት ደቂቃ የከንፈርና የጥፍር ቀለም እያየን ነበር የምንሠራው።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ማንኛውም ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ኦፕራሲዮኖችን ማግኘት አለበት ይላል፦ በኦፕራሲዮን መውለድ፣ ሆድ መከፈት፣ ቆዳ ቀዶ የወጣ ስብራት መታከም። ሁለት ሰዓት። በክረምት ጭቃ ከገደብ ወይም ከኮቸሬ ገጠር ተነሥታችሁ እስቲ ቁጠሩት። መንገዱ ቢሠራ እንኳ ወረዳው ላይ የሚቆርጥ ብቻ ሳይሆን የሚያስተኛና የሚቀቅል ሰው ከሌለ ክፍሉ ተቆልፎ ይቀመጣል።

«እኔ ነጥቤ አይበቃም፣ ይሄ የጎበዞች ነው» የምትሉ ካላችሁ ማሚቱ ጋሼን አስታውሱ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በወሊድ ፊስቱላ ተጎድታ ከገጠር አዲስ አበባ የመጣች፣ ትምህርት ቤት ያልገባች ልጅ ነበረች። ዶክተር ሬጅና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ካከሟት በኋላ እዚያው ቀረች። አልጋ ስታነጥፍ ቆይታ ኦፕራሲዮን ላይ መሣሪያ ማቀበል ጀመረች፤ እያቀበለች አየች፣ እያየች ተማረች፣ በመጨረሻም ራሷ የፊስቱላ ቀዶ ጥገና የምትሠራና ለሐኪሞች የምታሳይ ሆነች። በ1989 እ.ኤ.አ. ከሃምሊኖች ጋር ከለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሜዳሊያ ተሸልማለች። ከሃምሊን ማዕከላት አንዱ ወደ ሐዋሳ ስትሄዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ይርጋለም ነው ያለው። ዛሬ በሷ መንገድ መግባት አይቻልም፣ ዲግሪ፣ መውጫ ፈተናና የሙያ ፈቃድ ይጠየቃል። ግን የጀመረችው መሣሪያ በማቀበል ነው።

የ12ኛ ክፍል ልጆች፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪን ያዙ፤ ፊዚክስንም አትናቁ፣ ጋዝና ግፊት ሥራችን ነው። ደም ማየት የሚያስደነግጣችሁ ብትሆኑ ችግር የለም፣ ይለመዳል። ሌሊት መንቃት ግን አይለመድም፣ ትችሉት እንደሆነ ነው። ምልክት ከመሙላታችሁ በፊት ከኛ ተመራቂዎች አንዱን ይዛችሁ ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲ ያለን ልጆች ደግሞ ዕድሜያችንና ጤናችን ከፈቀደ ደም እንስጥ፤ ስትወልድ ደም የሚፈሳት እናት የምትጠብቀው እሱን ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ። በጌዴኡፋም መጠየቅ ይቻላል።