የሳተላይት ሥርጭትና የእኛ ድርሻ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ ዲሽና ሪሲቨር የምሸጥ ነጋዴ ነኝ እንጂ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም ሱቅ እየመጣችሁ የምትጠይቁኝን ይዤ ጥቂት ልበል።

ሞያሌ ላይ ሰውም ሸቀጥም በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው የጋራ ኬላ በኩል ያልፋል። የሳተላይት ሥርጭት ግን ኬላ የለውም፤ በሁለቱም ሞያሌ ጣሪያ ላይ እኩል ያርፋል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ የአገራችን ጣቢያዎች በኢትዮሳት በነፃ ስለሚሠራጩ ልጆቻችን አማርኛ እየሰሙ ያድጋሉ። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ታዲያ «በነፃ የሚታይ ከሆነ ቀድቶ መሸጥ ምን ክፋት አለው?» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። በቤት ማየት አንድ ነገር ነው፤ በፍላሽ ገልብጦ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥርጭት 20 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። በፈረንጆች 2001 የወጣው የኬንያ ሕግ ደግሞ 50 ዓመት ይሰጣል።

የክፍያ ቴሌቪዥንም እንዲሁ ነው። ድርጅቱ ኳሱን የማሳየት መብት የሚገዛው በየአገሩ ነው። ስለዚህ ከወዲያ ማዶ የተመዘገበ ካርድ ወዲህ ቢሠራም ውሉ አይሻገርም። የቤት ካርድ ይዞ በሆቴል ደንበኛ ሰብስቦ ማሳየትም ከውል ውጭ ነው።

በዓለም ደረጃም ነገሩ ገና አልጠራም። ኬንያ አባል የሆነችበት የ1974ቱ የብራስልስ ስምምነት ሕዝብ በቀጥታ በዲሹ እንዲቀበለው የተላከውን ሥርጭት አይመለከትም። አዲስ ውል ለማውጣት ከ1998 ጀምሮ ጄኔቭ ላይ ሲመከር ኖሯል፤ ሁለቱም ዓመታት በፈረንጆች ናቸው።

ወገኖቼ፣ ሕጉ እስኪሟላ ኅሊናችን ይቅደም። ድራማውን የሠራው የእኛው ልጅ ነው። ሲገለበጥበት ያከስራል፤ ከከሰረም ሁለተኛ አይሠራም፤ ያን ጊዜ ልጆቻችን በአማርኛ የሚያዩት ያጣሉ። እኔ ፍላሽ ሙላልን ሲሉኝ እምቢ እላለሁ፤ የሚቀየመኝም አለ። ወላጆች ግን ብታግዙኝ ነገሩ ይቀላል፦ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ ካርድ ስትገዙ የየት አገር እንደሆነ ጠይቁ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ።

ማኅበራችንን እግዚአብሔር ይባርክልን።