የበግ ጠጉር፣ ቋጠሮና የዘንገና ብርድ



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ቲሊሊን አልፎ እንጅባራ ከመግባቱ በፊት ከመንገዱ ዳር ዘንገናን ያገኛል። ሐይቁ የተኛው እሳተ ገሞራ ባበጀው ክብ ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን፣ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ክረምቱ ረጅም፣ ሌሊቱም አጥንት ድረስ የሚገባ ብርድ ያለበት ነው። በግ ሞልቷል። ፈረስም እንዲሁ፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚታየው የአገው ፈረሰኞች በዓል ለዚህ ምስክር ነው። የእጅ ብልኀትም አልጠፋም፤ በአካባቢው የሚሠራውን የቀርከሃ ዕቃ ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም።

ብርድ፣ በግ፣ ፈረስና ብልኅ እጅ በአንድነት በተገኙባቸው በአናቶሊያ፣ በካውካስና በመካከለኛው እስያ መንደሮች በቋጠሮ የሚሠራ የሱፍ ምንጣፍ ጥንታዊ ሙያ ሆኖ ኖሯል። በአዊ ግን ይህ ሙያ አልበቀለም። ምክንያቱ ምንድን ነው? ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ወጣቶችን አደራጅቶ በእጅ ሥራ ማሠማራት በታሰበ ቁጥር የምንጣፍ ሥራ ከሚነሡት ሙያዎች አንዱ ሊሆን ስለሚችል፣ ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ገንዘብ ያድናል፤ ወይም ያጠፋል።

በቅድሚያ ስለ ሥራው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ተራ ጨርቅ ድርና ማግ ብቻ ነው። የቋጠሮ ምንጣፍ ግን ሦስተኛ ክር አለው። ሠራተኛዋ በሁለት የድር ክሮች ላይ አጭር የሱፍ ክር ጠምጥማ ጫፎቹን ወደ ፊት ታወጣለች፤ ትቆርጣለች፤ ወደሚቀጥሉት ሁለት ክሮች ታልፋለች። አንድ ረድፍ ሲሞላ ማግ ይገባል፤ በከባድ ማበጠሪያ መሰል መምቻ ተመትቶ ይጠብቃል። የቱርክ በሚባለው ቋጠሮ ክሩ ሁለቱንም ድሮች ያቅፋል፤ የፋርስ በሚባለው ግን አንዱን ብቻ ዙሪያውን ይዞ በሌላው ጀርባ ያልፋል። በምንጣፉ ገጽ ላይ ቆሞ የሚታየው ጠጉር የእነዚህ ቋጠሮዎች ጫፍ ነው።

ለመሐንዲስ ጆሮ ይህ በቁጥር ቢነገር ይሻላል። በአንድ ካሬ ዴሲሜትር 1,000 ቋጠሮ ያለው፣ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ መካከለኛ ምንጣፍ 600,000 ቋጠሮ አለው። አንዲት የሠለጠነች ሠራተኛ በቀን 8,000 ብትቋጥር ሥራው 75 የሥራ ቀን ይፈጃል። ይህም ሽለታው፣ እጥበቱ፣ ፈተላውና ማቅለሙ ሳይቆጠር ነው። በአናቶሊያ መንደሮች እንዲህ ያለውን ምንጣፍ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ሴቶች ሲሆኑ፣ ብዙው የሚሠራውም ለጥሎሽና ለቤት እንጂ ለገበያ አልነበረም። ድካሙን በቀን ደመወዝ የሚያሰላ ስላልነበረ ሙያው ሊኖር ቻለ። ዛሬ የሚያሰላ ሰው አለ፤ ስለዚህም የድሮው የመንደር ምንጣፍ ዋጋው ሲወደድ አዲሱ ከመኪና ሥራ ጋር መወዳደር አቅቶታል።

ሙሉ ሆነው ከተገኙት የቋጠሮ ምንጣፎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው እ.ኤ.አ. በ1949 ሰርጌይ ሩደንኮ በአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በተባለ ሥፍራ ከመቃብር ያወጣው ነው። ዕድሜው ከ2,200 ዓመት ያላነሰ ሲሆን ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ በኤርሚታዥ ቤተ መዘክር ይገኛል። 183 በ200 ሳንቲ ሜትር በሆነው ገጹ በእያንዳንዱ ካሬ ዴሲሜትር 3,600 ያህል ቋጠሮ ይዟል። ያዳነው በረዶ ነው፤ መቃብሩ ውስጥ የገባው ውኃ ረግቶ ከብልና ከብስባሽ ጠበቀው። በጠርዙ ዙሪያ የተሠሩት ፈረሰኞች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ተቀምጠው፣ አንዳንዶቹ ወርደው ፈረሳቸውን እየሳቡ ይሄዳሉ። የእንጅባራን የጥር በዓል ያየ ሰው ቢመለከታቸው እንግዳ አይሆኑበትም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ቋንቋው ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። በቋጠሮ የተሠራውን ምንጣፍ አማርኛ «ስጋጃ» ይለዋል፤ ቃሉ የመጣው በዐረብኛ የስግደት ምንጣፍ ከሚባልበት ስም ነው። ዕቃው ስሙን ይዞ በንግድ ገባ ማለት ነው። «ባና»፣ «ዝተት»ና «ማቅ» ግን ቋጠሮ የሌላቸው፣ በድርና ማግ ብቻ የተሸመኑ የሱፍ ሥራዎች ሲሆኑ፣ የደጋው ሰው ለብሷቸውም ተኝቶባቸውም ኖሯል። የኢትዮጵያ ደጋ ለሱፍ እንግዳ አልነበረም፤ ለቋጠሮው እንጂ። ደግሞም ሱፉ በደጋው ሁሉ እኩል አልነበረም። የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው።

የአዊና የምዕራብ ጎጃም በግ ዋሸራ ይባላል፤ የዳንግላ በግ የሚሉትም አሉ። አካሉ ትልቅ፣ መልኩ በብዛት ቡናማ፣ ወንዱም ሴቱም ቀንድ አልባ፣ ጠጉሩም አጭርና ልጥፍ ያለ ነው። በሥጋው ይመሰገናል። የመንዝ በግ ግን አካሉ አነስተኛ ሆኖ ጠጉሩ ረጅምና ሻካራ ነው፤ በጉና ተራራ ግርጌ ያለው የፋርጣ በግም ከሥር ሱፍ አለው። ክር የሚጠነክረው ጭረቶቹ እርስ በርስ ተደራርበው፣ በመገመድ ብዛት በሰበቃ ሲያያዙ ነው። ጭረቱ ካጠረ የሚደራረበው ርዝመት ያንሳል፤ እንዝርት የቱንም ያህል ቢሾር ክሩ ይላቀቃል። እንዲህ ባለ ክር የተቋጠረ ምንጣፍ እግር በረገጠው ቁጥር ጠጉሩን ያራግፋል። በዚህ ላይ ሻካራው ጠጉር መካከሉ ቀዳዳማ በመሆኑ ይሰበራል፤ ቀለምንም በሚገባ አይቀበልም። እንግዲህ የዘንገና ሰው ምንጣፍ ያልቋጠረው ጥበብ ስላነሰው ሳይሆን በጉ ክር ስላልሰጠው ነው ማለት ይቻላል።

በጉ ክር ባይሰጥም ቆዳ ሰጥቷል። ጠጉሩ ሳይነሣ የለፋው የበግ ቆዳ አጎዛ ሆኖ ይነጠፋል፤ ደበሎ ሆኖ ይለበሳል። ጎጃም የቅኔ ቤት አገር እንደመሆኑ የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለማንም የተሰወረ አይደለም። አጎዛ በአንድ በኩል ከስጋጃ ጋር አንድ ዓይነት ዕቃ ነው፤ ከታች የሚይዝ መሠረት፣ ከላይ የቆመ ጠጉር አለው። ልዩነቱ ቋጠሮውን የሠራው ተፈጥሮ መሆኑ ነው። ነገር ግን አጎዛ በግ ሳይታረድ አይገኝም፤ ሱፍ ግን በጉ በሕይወት እያለ በየጊዜው ይሸለታል። ይህ የኢኮኖሚ ልዩነት ቀላል አይደለም። በግ ለሥጋ በሚረባበት አገር ቆዳው በነፃ የተገኘ ያህል ስለሆነ፣ ሰዎቹ የመረጡት ትክክለኛውን መንገድ ነበር።

የመንዝ ባና አሠራር ከዚህ ይለያል። የተሸለተው ጠጉር ታጥቦ ይፍታታል፤ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያም ይሸመናል። ብዙውን ጊዜ የበጉ የራሱ ቀለም፣ ጥቁሩና ቡናማው፣ እንዳለ ይቀራል። ይህ ድህነት መስሎ የሚታየው ሰው ይኖራል። ይሁን እንጂ ዊሊያም ፐርኪን እ.ኤ.አ. በ1856 ሰው ሠራሽ ቀለም ካገኘ በኋላ ርካሹ ቀለም ወደ ፋርስና ወደ አናቶሊያ መንደሮች ሲገባ ብዙ ምንጣፍ ፈዝዟል፤ ሲታጠብም ቀለሙ ተቀላቅሏል። በበጉ ቀለም የቀረው ባና ከዚህ ጥፋት ድኗል። የሱፍ ጨርቅ በሙቅ ውኃ ርሶ ሲታሽና ሲረገጥ በእያንዳንዱ ጭረት ላይ ያለው ቅርፊት እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ጨርቁ ይጠባል፤ ይወፍራል፤ ነፋስም አያስገባም። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚያህል እርጥበት ይዞ እንኳ ውኃው በእጅ አይታወቅም። ለጭጋግ አገር ከዚህ የተሻለ ልብስ ማግኘት ያስቸግራል።

ሙያውን በዘመናዊ መንገድ ለማሳደግ የተደረገ ጥረት አልጠፋም። በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት የምንጣፍ ሥራን ያስተምር ነበር፤ ደብረ ብርሃንም በ1950ዎቹ ዓ.ም. የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያገኘች ሲሆን በሱፍ ምንጣፏም ስም አላት። በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ የበግ ማዕከሎች የመንዝ በግ ከእስራኤል ከመጣው ከአዋሲ በግ ጋር እንዲዳቀል ተደርጓል። አዋሲ በመካከለኛው ምሥራቅ ለምንጣፍ ተስማሚ የሆነ ሻካራ ሱፍ የሚሰጥ ዘር ነው። ማዳቀሉ ግን በይበልጥ የሚጠቀሰው ለሥጋና ለዕድገት ፍጥነት ነው፤ የሱፉ ጉዳይ ከኋላ መቅረቱ የሚያስቆጭ ነው።

ለአዊ የሚቀርብ ማንኛውም የምንጣፍ ሥራ አሳብ እንግዲህ ከሸማኔ ዕቃ ሳይሆን ከበጉ መጀመር ይኖርበታል። በካሬ ሜትር ሦስት ኪሎ ተኩል ቢታሰብ ከላይ የተጠቀሰው ስድስት ካሬ ሜትር ምንጣፍ 21 ኪሎ ክር ይፈልጋል። አንድ የመንዝ በግ በአንድ ሽለታ አንድ ኪሎ ቢሰጥና በእጥበት ሩቡ ቢቀነስ፣ ለአንድ ምንጣፍ የ28 በጎች ሱፍ ያስፈልጋል። ይህ ሱፍ ከፋርጣ ቢመጣ እንኳ በባሕር ዳር ዞሮ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሒሳቡ የማይቻል አይደለም፤ ነገር ግን ማሠልጠኛ ከመከፈቱ በፊት መሠራት ያለበት ሒሳብ ነው። በአንጻሩ ቀርከሃው ደጃፍ ላይ ነው፤ የዋሸራ ቆዳም እንዲሁ። በሚገባ የለፋ፣ ሽታ የሌለው፣ ተገጣጥሞ የተሰፋ የአጎዛ ምንጣፍ ከዘንገና ቢወጣ ከሩቅ የተቀዳ ቋጠሮ ከሚሆን ይልቅ የራሱ መልክ ይኖረዋል።

ሌላው አስቸኳይ ነገር የቀረውን አሮጌ ሱፍ መመዝገብ ነው። የአልታይ በረዶ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም፤ ያለው ብል፣ ጢስና እርጥበት ነው። አሮጌ ባና ሲያልቅ ለአህያ ጭነት መደላድል ይሆናል፤ ቀጥሎ ይጣላል። እንደ ቅርስ የሚቆጥረው ሰው ጥቂት በመሆኑ ሲጠፋ የሚጮህለት የለም። ምዝገባው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ሚዛን፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና ማጉያ መነጽር ይበቃሉ። በአሥር ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያሉት የድርና የማግ ክሮች ይቆጠራሉ፤ የካሬ ሜትሩ ክብደት ይጻፋል፤ ክሩ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ የተገመደ ይታያል፤ ከጠርዙ የተነቀለች አንዲት ጭረት በእሳት ትፈተናለች። ሱፍ ከሆነች እንደ ተቃጠለ ጠጉር ትሸትና ከእሳቱ ስትለይ ትጠፋለች፤ ሰው ሠራሽ ከሆነች ግን ቀልጣ እንደ ዶቃ ትጠጥራለች። የባለቤቱ እናት ወይም አያት በሕይወት ካሉ ደግሞ በጉ ከየት እንደተሸለተ፣ ማን እንደፈተለውና ስንት ክረምት እንደለበሱት ይጠየቃሉ። መልሱም ከቁጥሩ ጎን በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፋል።