ቀለም የተቀባ አሮጌ ወንበር

ባለ እጅ መደገፊያ አሮጌ የእንጨት ወንበር ገዝታችሁ ቀለሙን ልትፍቁ ከሆነ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ለጊዜው አስቀምጡት። ድሮ ቀለም ቶሎ እንዲደርቅና እንዲበረታ እርሳስ የተባለው ብረት ይጨመርበት ነበር። አሜሪካ እርሳስ የበዛበትን የቤት ቀለም፣ በእሱ ከተቀባ የቤት ዕቃ ጋር፣ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እርሳስ ያለበትን ቀለም ደረቁን ሲፍቁት የሚቦነው ብናኝ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ አስመርምሩት። እርሳስ ከተገኘበት ለባለሙያ ስጡ። ነፃ ከሆነ የላላውን መጋጠሚያ አላቅቁ፤ አሮጌውን ኮላ አጽዱ፤ በአዲስ ኮላ አጣብቃችሁ እስኪደርቅ በገመድ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። የጥንት ቀለሙ ንጹሕና ያልተላላጠ ከሆነ ግን፣ እባካችሁ፣ አትፋቁት፤ የወንበሩ ታሪክ ያለው እዚያ ላይ ነው። ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ከሥራው ቦታ አርቁ።