ሮማን በሁለት ዓይን ማየት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ ወደ ሮማ ለመሄድ እንደምታስቡ ሰምተናል። እኛም በዕረፍት ጊዜያችን አራት ቀን ተቀምጠንባት ስለ ተመለስን፤ የሚጠቅማችሁን ባጭሩ እንድንነግራችሁ ተጠይቀናል። የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ ስለ እግር እንናገር። አሮጌው የሮማ ከተማ በእግር የሚታይ ነው፤ ነገር ግን የመንገዱ ድንጋይ ወጣ ገባ ስለ ሆነ አዲስ ጫማ አድርጎ የሄደ ሰው በማግሥቱ ከአልጋው አይነሣም። ውሃ ለመግዛት ገንዘብ አታባክኑ፤ በየመንገዱ ዳር ከቆሙት የብረት ቧንቧዎች የሚፈሰው ውሃ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው፤ ዋጋም የለውም። ወደ ኮሎሴዎ የምትሄዱ ከሆነ ቲኬቱን አስቀድማችሁ ቁረጡና በማለዳ ድረሱ፤ በዚያው ቲኬት ፎሮ ሮማኖንና የፓላቲኖን ኮረብታ ማየት ይቻላል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ትከሻችሁና ጉልበታችሁ የተሸፈነ ይሁን። በአውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ኪሳችሁን ጠብቁ።

ይህን ማንኛውም መንገድ መሪ ይነግራችኋል። እኛ በተለይ ልንነግራችሁ የፈለግነው በሁለተኛው ቀን በመካከላችን ስለ ተነሣው ክርክር ነው።

በዚያን ቀን ፓንቴዎን ወደሚባለው ሕንፃ ሄድን። ይህ ሕንፃ በንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ ዘመን ከተሠራ 1900 ዓመት ያህል ሆኖታል። የጉልላቱ ስፋት 43 ሜትር ሲሆን፤ ያለ ብረት በኮንክሪት ከተሠሩት ጉልላቶች እስከ ዛሬ ድረስ የሚበልጠው አልተገኘም። ይሁን እንጂ በዚያ ቤት ውስጥ የንጉሥ ኡምቤርቶ መቃብር አለ፤ በ1896 ጦሩ ዓድዋ ላይ ድል የሆነበት ንጉሥ ማለት ነው። ይህን የሰማ አንድ ጓደኛችን፤ «እኔ ለዚህ ሰው መቃብር ቲኬት አልቆርጥም» ብሎ በደጅ ቀረ።

ማታ ስንከራከር አመሸን። እኛ፤ «ጉልላቱን የሠሩት ሰዎች ዓድዋን አያውቁም፤ ጥበባቸው ምን በደለን?» አልን። እሱም፤ «ድንጋይ ስናደንቅ ውለን የድንጋዩን ታሪክ ሳንጠይቅ ልንመለስ ነውን?» አለ። ከሁለት አንዳችንም አልተረታንም፤ በማግሥቱ ግን እሱ በመረጠው መንገድ ለመሄድ ተስማማን። መንገዱ እነሆ፤ እናንተም ብትከተሉት አትጸጸቱም።

ከባቡር ጣቢያው ከተርሚኒ ጀምሩ። ከፊቱ ያለው አደባባይ «ቺንኰቼንቶ»፤ ማለት «አምስት መቶ» ይባላል። በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለሞቱት ኢጣልያውያን መታሰቢያ የወጣ ስም ነው። ከዚያው አጠገብ በአትክልቱ ዳር የሚታየው መታሰቢያቸው ከጥንት ግብፅ የመጣ ሐውልት ነው፤ የአንዱ አፍሪካ አገር ድንጋይ በሌላው አፍሪካ አገር ለወደቁ ወታደሮች ቆመ። በፋሽስት ዘመን ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም ከሥሩ ተቀምጦ ነበር። ኤርትራዊው ወጣት ዘርዓይ ደረስ በ1938 ሰይፉን የመዘዘው በዚሁ ስፍራ ነው። አንበሳው ግን ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት ቆሟል።

ከዚያ ወደ ፎሪ ኢምፔርያሊ ጎዳና ውረዱ። በግንቡ ላይ የጥንቱን የሮማ መንግሥት እድገት የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ታያላችሁ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ጨምሮ ያሠራው አምስተኛ ካርታም ነበረ፤ ከጦርነቱ በኋላ ተነሥቷል።

ኮሎሴዎን አልፋችሁ ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ድረሱ። በ1937 ከአክሱም የተወሰደው፤ ቁመቱ 24 ሜትር፤ ክብደቱ 160 ቶን ያህል የሆነው ሐውልታችን የቆመው በዚህ ነበር። ከፊት ለፊቱ ያለው ትልቅ ሕንፃ የኢጣልያ አፍሪካ ሚኒስቴር እንዲሆን የታሰበ ነበረ፤ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ይሠራበታል። በ1947 የሰላም ውል ኢጣልያ የወሰደችውን እንድትመልስ ብትገደድም፤ ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ አክሱም የደረሰው በ2005 ነው፤ በ2008 እንደገና ተተከለ። ጓደኛችን እዚያ ብዙ ዝም ብሎ ቆየና፤ «ሰው ሮማ የሚመጣው ያለውን ሊያይ ነው፤ እኛ የመጣነው የሌለውን ልናይ ነው» አለን።

ነገር ግን በዚህ ብቻ ብንመለስ ፍርዳችን ጎደሎ በሆነ ነበር። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፤ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ነው። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፤ መዝሙረ ዳዊት፤ በ1513 የወጣው በሮማ ነው። አባ ተስፋ ጽዮንም ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በ1548 እና በ1549 በዚያው ከተማ አሳተሙ። መቶ ዓመት ቆይቶ ጀርመናዊው ሉዶልፍ ስለ አገራችንና ስለ ቋንቋችን የተማረው እዚያ ካገኛቸው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። እነዚህ አባቶች ሮማ የነበሩት እንደ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ መምህር ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሌላው ዘው ተብሎ አይገባበትም፤ ቅጥሩ ውስጥ የሚያስገባ ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻው ቀን ያ ጓደኛችን ብቻውን ወደ ፓንቴዎን ሄዶ ገባ። ሲመለስ ምን እንዳየ ብንጠይቀው፤ «ጉልላቱንም አየሁ፤ መቃብሩንም አየሁ» አለ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ እኛም የምንመክራችሁ ይህንኑ ነው። የሰውን ጥበብ ለማድነቅ አትፈሩ፤ የራሳችሁንም ታሪክ ከደጅ ጥላችሁ አትግቡ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፤ ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ወደ ቤተ መጻሕፍት ጎራ በሉ።