የዎበርን ጉድጓዶች



በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ ዎበርን በምትባል ከተማ ከ1969 እስከ 1979 እ.ኤ.አ. 12 ሕፃናት በደም ነቀርሳ ታመሙ፤ በስሌት የሚጠበቁት 5 ያህል ነበሩ። ስድስቱ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። ውሃውን አስቀድማ የጠረጠረች አንዲት እናት ነበረች፤ ይህን ልብ በሉልን። በ1979 ሁለት የከተማው ጉድጓዶች ትራይክሎሮኢትሊን በተባለ የቅባት ማስለቀቂያ ተበክለው ስለ ተገኙ ተዘጉ።

ታዲያ ለመፍረድ ምን ይጎድላል? ቁጥሩ ጥቂት ሲሆን አጋጣሚም እንዲህ ያለ ክምችት ይፈጥራል። ስለዚህ መርማሪዎቹ ወደየቤቱ ቧንቧ የትኛው ጉድጓድ መቼ ምን ያህል እንደ ላከ ማስላት ነበረባቸው። በ1990ዎቹ የወጣው የግዛቱ ጥናት አደጋው የጎላው እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ያንን ውሃ በጠጡት ላይ መሆኑን አመለከተ። ሕመምተኞቹ ጥቂት ናቸውና አኃዙ ጽኑ አይደለም። እኛ ግን ጉድጓዶቹ ይህን ጥናት ሳይጠብቁ መዘጋታቸው ተገቢ ነበር እንላለን።