ከእድር ጓዳ የወጣ ንግድ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ንግዳችሁ እንዴት አደገ? ለሌሎቹ ንገሩልን» ተብለን ነው ዛሬ የቆምነው። ማታ ተሰብስበን ምን እንበል ስንል፣ ስላደገበት ብቻ ብንናገር ውሸት ይሆናል አልን። ሁለት ጊዜ ሊዘጋ ደርሶ ነበርና እሱንም ብትሰሙት ይሻላል።

እኛ በአንድ ሰፈር የምንኖር 11 ሴቶች ነን። በየሳምንቱ ማክሰኞ ከጉሮሯችን እየቀነስን ቆጠብንና ባልትና ጀመርን። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ አንዳንዴም በሶ እናዘጋጃለን። ሙያውን ከእናቶቻችን ተምረነዋል፤ ያጣነው ገዢ ነው። አንዲት ክፍል ተከራየን፣ ሰሌዳ ሰቀልን፣ በር ላይ ተቀመጥን። ጎረቤት ሰላም ይለናል፣ ስለ ልጆቻችን ይጠይቀናል፣ ከዚያ አልፎን ሄዶ ከለመደው ቤት ይገዛል። ሦስት ወር ኪራዩን ከቁጠባችን ከፈልን። ሁለት አባሎቻችን ድርሻችንን ስጡንና እንውጣ አሉ፤ አልፈረድንባቸውም።

በሰውም መፍረድ አይቻልም። የተፈጨ በርበሬ ውስጥ ያለውን ዐይን አያየውም። ቀይ አፈርና የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅል እንዳለ ሁላችንም ሰምተናል። ሽሮውም ጓያ በዝቶበት ይሆናል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ጓያ ለረጅም ጊዜ በብዛት ከተበላ እግር እንደሚያሽመደምድ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ሰው ሽሮ ሲገዛ የሚገዛው የሠራችውን ሴት ነው። እኛ ደግሞ ንግድ ከጀመርን ወዲህ ጊዜ የለንም እያልን ከሴቶች እድር ስብሰባ እንቀር ነበር። ቅጣቱን ከፍለን ዝም። ማን ያውቀናል?

አንድ ቀን በሰፈራችን አንድ አዛውንት አረፉ። እድራችን ድንኳን ተከለ፣ ወንበርና ሰሃን ወጣ፣ እኛም ነጠላችንን አዘቅዝቀን ሄድን። በሁለተኛው ቀን ከገጠር ዘመድ ጎረፈና ሽሮው አለቀ። ከመካከላችን አንዷ ሮጣ ከክፍላችን ያለውን አመጣች፤ ዋጋም አልተነሣም፣ የጻፈም የለም። ለመነገድ አልሄድንም። ለቅሶ ቤት ለመነገድ የሚሄድ ሰው እንኳን ሽሮ ውኃም አይሸጥም። ወጡን የሠሩት እናቶች ግን ቀመሱትና «ይህ የማን እጅ ነው?» አሉ። ሦስቱን ቀን ሽንኩርት ስንከትፍና ድስት ስናጥብ ዋልን፤ በርበሬያችን ውስጥ ስንት እጅ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ እንደሚገባም በጨዋታ መሀል አንድ በአንድ ተናገርን። ምስጢር ነው ብለን የደበቅነው አልነበረም።

ለተዝካሩ ቤተሰቡ ከእኛ ገዛ። ከዚያ አንዱ ለሠርግ፣ ሌላዋ ለክርስትና መጡ። በእኛ ሰፈር ወሬ ከሰሌዳ ይፈጥናል።

ከእድሩ የተገኘው ገበያ ብቻ አይደለም። እቁብ ገብተን ነበር፤ በርበሬ ርካሽ በሆነበት ወቅት ገንዘቡን ቀደም ብለን ማግኘት ፈለግን። ቀድሞ የሚወስድ ደግሞ ዋስ ይጠራል። በፊት ቢሆን ማን ይሆነን ነበር? ድስት አብረውን ያጠቡ ሁለት እናቶች ተነሥተው ፈረሙልን። ዳኛውም ሳያንገራግር ሰጠን።

አሁን ወደ ከበደን ነገር እንምጣ። በዚያው እቁብ ገንዘብ ከአንድ ነጋዴ ብዙ ዛላ በርበሬ ገዛን። ከላይ ያለው ደረቅና ቀይ ነው። ከመሀል ስንፈታው እርጥበት ነበረው፤ አንዳንዱም ዛላ ሲሰነጠቅ ውስጡ ሻግቷል። አንዷ «ይጣል» አለች። የቀረነው ግን የዕዳውን ነገር አሰብንና «ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ሽታውን ያጠፋዋል» አልን። አውቀን ነው ያደረግነው፤ ዛሬ በእናንተ ፊት ሌላ ስም ልንሰጠው አንችልም። ቀነጠስን፣ አሰጣን፣ አስፈጨን፣ ሸጥን።

በሳምንቱ አንዲት እናት ገዝተው የወሰዱትን ቋጥረው መጡ። ሰው እስኪወጣ ቆይተው፣ በሩን ገፋ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ ይኼ የእናንተ እጅ አይደለም» አሉን። ገንዘባቸውንም አልጠየቁም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ማንም ቀና ብሎ ማንንም ማየት አቃተው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠየቅናት። ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመጣ እንደሚችል፣ ጉበት እንደሚጎዳ፣ በምግብ ማብሰያ እሳትም ጠፋ ብሎ መተማመን እንደማይቻል ነገረችን። በዚያው ማታ በደብተራችን ላይ ያሉትን ስሞች ይዘን ለሁለት ተከፈልንና ቤት ለቤት ዞርን። ያልበሉትን ተቀበልን፤ ለበሉትም ላልበሉትም ገንዘባቸውን መለስን። የቁጠባችን ግማሽ ሄደ። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ተነሥተን ስለ ሁሉም በግልጽ ተናገርን፤ ያችን «ይጣል» ያለችውን እህታችንን እንድትናገርልን ብንለምናት «እናንተው ተናገሩ» አለችን፣ ልክ ነበረች።

ሁሉም አጨበጨበልን እንዳይመስላችሁ። «እኛን ልትጨርሱን ነበር» ብለው የተነሡ ነበሩ። ዛሬም ከእኛ የማይገዙ ቤቶች አሉ፤ ሰላም ይሉናል፣ ሰላም እንላለን። የቀሩት ግን አልተለዩንም። እድሩም ሁለት እናቶችን መርጦ፣ ዛላው ከመፈጨቱ በፊት መጥተው እንዲያዩ አደረገ። መጀመሪያ እንደ ውርደት ቆጥረነው ነበር። አሁን ገዢው ራሱ «እነ እትዬ አይተውታል?» ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ስንለው ይገዛል።

ስለ ዱቤም እንናገር፤ ብዙዎቻችሁ የምትቸገሩበት ነው። ከሰው ጋር በተቀራረብን ቁጥር እንቢ ማለት ይከብዳል። በአንድ ወቅት ደብተራችን ሲሞላ ሳጥናችን ባዶ ሆነ። ስለዚህ ወሰንን። ለቅሶ ላለበት ቤት ሁሉ፣ ይግዛንም አይግዛንም፣ አንድ ኪሎ ሽሮ በቡድናችን ስም በነጻ ይሄዳል። ከዚያ በላይ የሚወሰድ ይጻፋል። ዱቤ ደመወዝ እስኪወጣ ብቻ ነው፤ ያልከፈለ ሁለተኛ አይወስድም፣ የራሳችን እህት ብትሆንም። ዘመድ አኩርፎናል። ቢሆንም ለነጻው ሽሮ የሚሆን ገንዘብ የተገኘው ዱቤው ስለተቆረጠ ነው።

በሁዳዴ 55 ቀን ሽሯችን አይበቃም፤ ችግሩ ከፋሲካ በኋላ ነበር፣ ሥራ ይቀዘቅዛል። ሙስሊም እህታችን «የእኛንስ ጾም ለምን ረሳችሁት?» ብላ የረመዳን ሾርባ አጃ እንድናዘጋጅ አደረገችን። ከመስጊዱ አጠገብ ያሉ ጎረቤቶቿ ዘንድ ይዛን ገባች፣ አፍጥር ላይ አብረን ተቀመጥን። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም ጾም ሥራ አለን። እንደዚህ ቀላል ነገር ሳናስበው ስንት ጊዜ ቆየን!

ለመውጣት ጠይቀው የነበሩት ሁለቱ አሁንም አብረውን ናቸው። አንዷ ገንዘብ ያዣችን ናት፤ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፣ አትነሣም እንጂ።

በኅዳር ዛላ በርበሬ ልንገዛ ነው። ከቻልን ገበሬዎቹ ዘንድ ወርደን፣ ጆንያውን ከመሀል አስፈትተን እንገዛለን። የመኪናው ኪራይ ለአንድ ቡድን ይከብዳል። አብሮን ለመግዛት የሚፈልግ ቡድን ካለ ከሻይ በኋላ ያነጋግረን፤ የሚመርጡት ሁለቱ እናቶችም አብረውን ይሄዳሉ።